ድንኳንህን ወዴት ትተክላለህ?

ለአዲስ ሐኪሞች፥ ለካህናትና ለምእመናን የተሰጠ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተማሪዎቹን በሚያስመርቅበት ሰሞን ከተማችን በእንግዶች ትሞላለች። አባቶች ጋቢያቸውን፥ እናቶች ነጠላቸውን ለብሰው ከየአገሩ ይመጣሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ልጃቸውን ለማስተማር ላም የሸጡ፥ ከአፋቸው ቀንሰው ያጎረሱ ናቸው። ከተመራቂዎቹም ወደ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ገብተው ስለ ተደረገላቸው ቸርነት የሚሰግዱ፥ መስቀል ተሳልመው የሚወጡ ጥቂቶች አይደሉም። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን በዓሉ ካለፈ፥ እንግዳውም ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ፥ በወጣቱ ሐኪም ልብ ውስጥ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ይኸውም «እንግዲህ የት ልኑር? የትስ ልሥራ?» የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ የእንጀራ ጥያቄ ብቻ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ሰው የሚኖርበትን ስፍራ ሲመርጥ ጎረቤቱን ይመርጣል፤ ጎረቤቱንም ሲመርጥ ባልንጀራዬ ብሎ የሚረዳውን ሰው መምረጡ ነው። ባልንጀራው ማን እንደ ሆነ የጠየቀውን ሕግ ዐዋቂ ጌታችን በደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ያስተማረው፥ ሰውዬው አስቀድሞ ስለ ዘለዓለም ሕይወት ጠይቆት ስለ ነበረ ነው (ሉቃ. 10)። እንግዲህ ስለ መኖሪያ የሚነሣው ጥያቄ ነፍስንም የሚነካ ስለ ሆነ፥ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ነገር ዝም ልትል አይገባትም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ወጣት ሐኪም ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኔ ቀረበ። መስቀል ከተሳለመ በኋላ፥ «አባታችን፥ ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት» አለኝ። «ንገረኝ፥ ልጄ» አልሁት። እርሱም ነገሩን በዝርዝር አጫወተኝ። በሲዳማ ደጋ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የሥራ ቦታ ተገኝቶለታል። በሐዋሳ ከተማ ደግሞ አንድ የግል ክሊኒክ ከዚያ የሚበልጥ ደመወዝ ሊከፍለው ፈቅዶአል። የትምህርት ቤት ጓደኛው በበኩሉ ወደ ውጭ አገር የሚያስገባውን ፈተና አብረው እንዲያጠኑ ይወተውተዋል። እናቱ መበለት ናት፤ እርሱንና ታናናሾቹን ያሳደገችው እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ ነው። «እናቴን ማሳረፍ እፈልጋለሁ፤ የተማርሁትንም ለወገኔ ማዋል እፈልጋለሁ፤ ሁለቱም በአንድ ስፍራ አልገጥም አሉኝ» አለኝ።

እኔም ቀስ ብዬ ማሰብ ሲገባኝ ቸኩዬ፥ «ልጄ፥ ሐኪም የተፈጠረው ለድኻ ነው፤ ወደ ገጠሩ ሂድ፤ እግዚአብሔር ይከፍልሃል» አልሁት። ወጣቱ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና አንገቱን ደፍቶ፥ «አባታችን፥ ይቅርታ ያድርጉልኝና፥ እርስዎስ ወደ ሐዋሳ የመጡት ከየት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ይህን የጠየቀኝ ሊደፍረኝ ፈልጎ አልነበረም፤ እኔ ግን መልስ አጣሁ። ድቁና የተቀበልሁባትን፥ ቅስናም ተሹሜ ያገለገልሁባትን የገጠር ቤተ ክርስቲያን ትቼ ወደ ከተማ የመጣሁት ደመወዙ ስለሚሻል፥ ልጆቼም የተሻለ ትምህርት ቤት ስለሚያገኙ ነው። በዚያች ቤተ ክርስቲያን ዛሬ አንድ አረጋዊ ቄስና አንድ ዲያቆን ብቻ ቀርተዋል። ለቅዳሴ አምስት ልዑካን እንደሚያስፈልጉ ሁላችን እናውቃለን፤ ስለዚህ ሰንበት ሲመጣ ደወሉ ይደወላል፥ ሕዝቡም ይሰበሰባል፥ ቅዳሴው ግን የለም። እንግዲህ ወጣቱን ሂድ ያልሁት እኔ ራሴ ከሸሸሁበት ዓይነት ስፍራ ነበር። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ትምህርት ለሐኪሞች ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ ለራሴና እኔን ለመሰሉ ካህናት ነው።

ወደ ቅዱስ መጽሐፍ እንመለስ። አብራምና የወንድሙ ልጅ ሎጥ ከብታቸው ስለ በዛ፥ እረኞቻቸውም ስለ ተጣሉ፥ በአንድነት ሊኖሩ አልቻሉም። አብራም ታላቅ ሲሆን ምርጫውን ለታናሹ ተወለት። ሎጥም ዐይኑን አቅንቶ የዮርዳኖስን ሜዳ ተመለከተ፤ ውኃ የጠገበ፥ እንደ ገነት የለመለመ ሆኖ አገኘውና ለራሱ መረጠው (ዘፍ. 13)። እዚህ ላይ ልብ እንበል። ሎጥ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሐዋርያው ቅዱስ ጴጥሮስም በሁለተኛ መልእክቱ ጻድቅ ብሎ ይጠራዋል። ለከብቶቹ ሣርና ውኃ መፈለጉም ኀጢአት አይደለም። ጉድለቱ በዐይኑ ብቻ መምረጡ ነው። አጎቱን «አንተስ ምን ትመክረኛለህ?» ሲል አናገኘውም፤ እግዚአብሔርንም አልጠየቀም፤ በዚያ ሜዳ የሚኖሩት ሰዎች እነማን እንደ ሆኑም አልመረመረም። ሣሩን አየ፥ ሰዉን ግን አላየም።

የሆነውም ሁሉ በአንድ ቀን የሆነ አይደለም። መጀመሪያ ድንኳኑን ወደ ሰዶም አቅራቢያ አደረሰ፤ ቀጥሎ በሰዶም ውስጥ ተቀመጠ፤ ቀጥሎም ከሀብቱ ጋር ተማረከ፤ በመጨረሻም ሚስቱንና ቤቱን ሁሉ አጥቶ በዋሻ ተጠለለ። ሰው ከመልካም ዐሳቡ የሚርቀው እንዲህ በጥቂት በጥቂቱ ነው። «ለአንድ ዓመት ብቻ ገንዘብ ላጠራቅም፥ ከዚያ በኋላ ወደ ወገኔ እመለሳለሁ» ያለ ሰው፥ ዓመቱ ዐሥር ዓመት ሆኖበት ድንኳኑ ከየት እንደ ተነሣ እስኪረሳ ድረስ ይቀመጣል። ይህን የምለው በሐኪሞች ለመፍረድ አይደለም፤ ወደ ሐዋሳ ስመጣ እኔም «ለጊዜው ነው» ብዬ ነበር።

አብራም ግን ምን አደረገ? ሎጥ ከተለየው በኋላ፥ ዐይኑን አንሥቶ በአራቱ ማዕዘን እንዲመለከት ያዘዘው እግዚአብሔር ራሱ ነው። ሁለቱም ዐይናቸውን አነሡ፤ አንዱ በገዛ ፈቃዱ፥ ሁለተኛው በእግዚአብሔር ትእዛዝ። አብራም ወደ ኬብሮን በደረሰ ጊዜም መሠዊያ ሠራ። ሎጥ በመረጠው በለመለመው ሜዳ መሠዊያ እንደ ሠራ ግን አልተጻፈም። እንግዲህ ስፍራን ለሚመርጥ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «በዚያ ምን አገኛለሁ?» የሚለው ብቻ ሳይሆን «በዚያ መሠዊያ እሠራለሁን? ያለኝን ለእግዚአብሔር የማቀርብበት ስፍራ ነውን?» የሚለው ነው።

ይህን ስል ሐዋሳን በሰዶም መመሰሌ አይደለም፤ አይሁንብኝ። ሐዋሳ በሐይቅ ዳር ያለች፥ ለዐይን ደስ የምታሰኝ፥ ከየነገዱ የመጣ ሕዝብ በአንድነት የሚኖርባት ከተማ ናት። በሆስፒታሎቿም ከሩቅ ወረዳ በሰው ሸክምና በመኪና የመጡ ድውያን ይታከማሉ፤ በእነርሱ ዘንድ ሌሊቱን ቆሞ የሚያድር ሐኪም ከገጠሩ ሐኪም አያንስም። ደግሞም የዛሬዪቱ ከተማ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ ከዚያ በፊት የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ይርጋ ዓለም ነበረች። በዚያን ጊዜ ሁሉም ሰው ተደራጅቶ ወዳለቀ ስፍራ ብቻ ልሂድ ቢል ኖሮ፥ ዛሬ የምናያት ሐዋሳ አትኖርም ነበር። ዛሬ ልምላሜው የሚያማልለን ስፍራ ሁሉ፥ ምንም ሳይኖርበት የመጡ ሰዎች ያለሙት ነው።

የአገራችንም ነገር እንዲህ ነው። ከሕዝባችን ከአራቱ ሦስቱ እጅ ያህል የሚኖረው በገጠር ነው። ሐኪሞቻችን ሁሉ ቢቆጠሩ በቅርብ ዓመታት ለ10,000 ሰው አንድ ሐኪም ያህል ቢደርስ ነው፤ እነርሱም በብዛት የሚገኙት በከተማ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከየቀበሌው የወጡ ወጣት ሴቶችን እያሠለጠነ በጤና ኬላ አስቀምጦአል፤ እነዚህ እኅቶቻችን ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ክትባት፥ ስለ ንጽሕና፥ ስለ እናቶች ጤና ብዙ ደክመዋል። ነገር ግን ምጥ የጠናባትን ሴት እነርሱ ወደ ሆስፒታል ሲልኳት፥ በዚያ የሚቀበላት ሐኪም ከሌለ ድካማቸው በመንገድ ላይ ይቀራል።

ከዚህ በፊት የነበሩ ሰዎች ይህን ጥያቄ እንዴት እንደ መለሱት ደግሞ እንመልከት። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በመቅደላ ጦርነት ጊዜ በ1860 ዓ.ም. ገና ሕፃን ሳሉ በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ወደ ህንድ አገር ተወሰዱ። በዚያም አድገው ሕክምና ተማሩ፤ በበርማም በመንግሥት ሐኪምነት ተቀምጠው የተደላደለ ኑሮ ነበራቸው። ቋንቋቸውን ረስተው፥ ስማቸውም ተለውጦ ነበር። የዐድዋ ድል ከተሰማ በኋላ ግን አገራቸውን ፈልገው መጡ፤ ዘመዶቻቸውም በሰውነታቸው ላይ በነበረው ጠባሳ እንደ ዐወቋቸው ይነገራል። አንድ ጊዜ ብቻ መጥተው አልቀሩም፤ ሄዱ፥ ተመለሱ፥ እንደ ገናም ሄደው ተመለሱ። ከሩቅ አገር ያለ ሰው መንገዱ አንድ ጊዜ ስለ ተቈረጠ ለዘለዓለም ተቈረጠ ማለት እንዳልሆነ የእርሳቸው ሕይወት ያስተምረናል። ዮሴፍም በግብፅ ሳለ ወንድሞቹን አልረሳም፤ በራብ ዘመን ያተረፋቸው በስደት አገር ሆኖ ነው። ስለዚህ በባሕር ማዶ የሚሠሩትን ሐኪሞቻችንን የጠፉ አድርገን አንቍጠራቸው፤ እነርሱም ራሳቸውን የጠፉ አያድርጉ።

በ1945 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ አጠገብ በደምቢያ ብርቱ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ፈጀ። ከዚህ የተነሣ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፈተ። የዚህ ኮሌጅ ዐሳብ እጅግ የሚደነቅ ነበር፤ የጤና መኰንኖችን፥ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድ ስፍራ እያስተማረ፥ ወደ ገጠርም በአንድነት እንዲሠማሩ ያዘጋጃቸው ነበር። አንዱ ያክማል፥ ሁለተኛዪቱ ትንከባከባለች፥ ሦስተኛው ምንጩንና መጸዳጃውን ያበጃል። ጌታችን ሐዋርያትን ሁለት ሁለት አድርጎ እንደ ላካቸው (ማር. 6)፥ እነርሱም ብቻቸውን አልተላኩም።

ለእኛ የሚቀርበው ሦስተኛው ምሳሌ በይርጋ ዓለም ነው። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን በ1951 ዓ.ም. ከአውስትራሊያ ወደ አዲስ አበባ የመጡት አዋላጆችን ለማስተማር ለሦስት ዓመት ተዋውለው ነበር። በምጥ ብዛት ተጎድተው ሽንት የማይቋጥሩ፥ ከሰው ተለይተው የሚኖሩ ሴቶችን ባዩ ጊዜ ግን ሊሄዱ አልቻሉም። የፊስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ፤ ዶክተር ካትሪንም መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እስካረፉ ድረስ ከ60 ዓመት በላይ በዚህች አገር ኖሩ። ከሐዋሳ በስተ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በይርጋ ዓለምም እነዚህን እናቶች የሚያክም የሐምሊን ሆስፒታል አለ። ያቋቋሙት የአዋላጆች ኮሌጅ ደግሞ ልጃገረዶችን ከገጠር መርጦ ያስተምራል፤ ሲመረቁም ወደ ወጡበት አካባቢ ተመልሰው ያገለግላሉ። ሐምሊኖች ሎጥ እንዳደረገው ሣሩን አላዩም፤ ያዩት ሰዉን ነው፤ ሰዉን ካዩ በኋላም የሦስቱ ዓመት ውል የዕድሜ ልክ ውል ሆነ።

ከቅዱሳንም ወገን ብንመለከት ይህንኑ እናገኛለን። በስንክሳራችን ኅዳር 22 ቀን የምናስባቸው ቅዱሳን ቆዝሞስና ድምያኖስ ወንድማማቾች ሐኪሞች ነበሩ፤ ድኾችን ያለ ዋጋ ያክሙ ነበር። ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው ምዕት ዓመት በቂሳርያ ዘቀጰዶቅያ ለድውያንና ለስደተኞች ያሠራው ቤት ከከተማው ቅጥር ውጭ ነበር፤ ድኾች ወደ ጌጠኛው አደባባይ እስኪደርሱ አልጠበቃቸውም። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም እንደ ነበረ ቅዱስ ጳውሎስ ለቈላስይስ ሰዎች ሲጽፍ መስክሮለታል። ሐዋርያው በእስር ቤት ሆኖ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት፥ ዴማስ ይህን ዓለም ወድዶ ወደ ተሰሎንቄ እንደ ሄደ፥ ከእርሱ ጋር የቀረው ግን ሉቃስ ብቻ እንደ ሆነ ይናገራል። ተሰሎንቄ መልካም ከተማ ነበረች፤ ቤተ ክርስቲያንም ነበራት። የዴማስ ጥፋት ተሰሎንቄ መኖሩ አይደለም፤ የታሰረ ወንድሙን ትቶ መሄዱ ነው። ሐኪሙ ሉቃስ ግን ሰንሰለቱ ባለበት ቀረ።

እንግዲህ «ሁሉም ወደ ገጠር ይሂድ» ብለን ትምህርታችንን እንደምድመውን? እንዲህ ብናደርግ እኔ በዚያን ቀን ያጠፋሁትን ጥፋት መድገማችን ነው። ወጣቱ ሐኪም የመለሰልኝን ስሙት፤ «አባታችን፥ ድኽነቱን አልፈራሁትም፤ በድኽነት ነው ያደግሁት። የምፈራው ብቻዬን መሆኔን ነው። ሴት በምጥ ደም እየፈሰሳት በመንፈቀ ሌሊት ትመጣለች፤ የሚሰጣት ደም የለም፥ መብራት ይጠፋል፥ የምጠይቀው ታላቅ ሐኪም አጠገቤ የለም። በእጄ ላይ ብትሞት ወገኖቿ ገዳይ ይሉኛል፤ እኔም ራሴን ገዳይ እለዋለሁ» አለኝ። ወገኖቼ ሆይ፥ ይህን ቃል የስንፍና ቃል የሚለው ማን ነው?

ስለዚህ ላኪዎችና ተቀባዮችም ዕዳ አለብን። ጌታችን ሰባውን አርድእት ሲልክ፥ ለሠራተኛ ደመወዙ እንደሚገባው አስተምሮአል፤ መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪም በእግዚአብሔር የተፈጠረ ስለ ሆነ እንዲከበር ያዛል። በ2011 ዓ.ም. በግንቦት ወር፥ እንደ ገናም በ2017 ዓ.ም. በግንቦት ወር፥ የአገራችን የጤና ባለሙያዎች የደመወዛቸውንና የኑሮአቸውን ነገር በአደባባይ አሰምተዋል። ሌሊቱን በድውይ ራስጌ ያደረ ሰው የቤት ኪራይ መክፈል ተስኖት ቢናገር፥ ካህኑ «ገንዘብ ወዳድ» ብሎ ሊዘልፈው አይገባም። ገንዘብን መውደድ አንድ ነገር ነው፤ እናትን መጦር ሌላ ነገር ነው። እኛስ የሰበካው ደመወዝ ሲዘገይብን ዝም እንላለንን?

ቀድሞ ለብዙ ዓመታት አዲስ ሐኪሞች ወደየክልሉ የሚመደቡት በዕጣ ነበር። ሐዋርያትም በይሁዳ ስፍራ ማትያስን የመረጡት በዕጣ ነው (ግብ. ሐዋ. 1)፤ ነገር ግን ከዕጣው በፊት ጸሎት ነበረ፥ ከዕጣውም በኋላ ማትያስ ከዐሥራ አንዱ ጋር ተቈጠረ። ዕጣ አውጥተው ብቻውን አልተዉትም። ዛሬ ብዙ ተመራቂ የሥራ ማስታወቂያ እያነበበ ራሱ ስፍራውን ይፈልጋል፤ ሥራ ሳያገኝ የሚከርምም አለ። ዕጣው ቢቀር ጸሎቱ ሊቀር አይገባም፤ አብሮ መቈጠሩም ሊቀር አይገባም።

አብሮ መቈጠር ማለት ምን ማለት ነው? የገጠር ሰበካ ጉባኤ የሆናችሁ፥ አዲስ ሐኪም፥ ነርስ ወይም አዋላጅ ወደ ቀበሌያችሁ ሲመጣ የሚያድርበትን ንጹሕ ቤት ፈልጉለት፤ በሰንበት ወደ ማዕዳችሁ ጥሩት፤ የአካባቢውን ቋንቋ የማያውቅ ከሆነ የሚያስተረጕምለት ታማኝ ልጅ ስጡት፥ እርሱም ሲዳምኛውን ቀስ በቀስ ይማር። ሕመምተኛ ቢሞት «ሐኪሙ ገደለው» ለሚለው የሐዘን ቍጣ መጀመሪያ የሚቆመው ካህኑ ይሁን፤ ሞትን ማስቀረት የሐኪም ሥልጣን እንዳልሆነ ለሐዘንተኛው የሚያስረዳው እርሱ ነውና። ጠበል የሚጠመቀውን ሰው መድኀኒትህን ተው አትበሉት፤ ጠበሉንም መድኀኒቱንም የሰጠ አንድ እግዚአብሔር ነው። ምጥ የጠናባትን ሴት ለማድረስ ቃሬዛ የሚሸከሙ ጐልማሶችን በየተራ መድቡ። እነዚህ ነገሮች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ አንድን ሐኪም ግን ከብቸኝነት ያድናሉ።

አንተም አዲስ ሐኪም ሆይ፥ ድንኳንህን ከመትከልህ በፊት በጸሎት ሆነህ ራስህን መርምር። በዚያ ስፍራ እኔ ባልሄድ በእኔ ፈንታ የሚገኝ ሰው አለን? ከእኔ የሚበልጥ ሐኪም አጠገቤ ኖሮ የምማርበት፥ ወይም በስልክ የምጠይቅበት መንገድ አለን? የእናቴን ጕርሻ ሳላጓድል ስንት ዓመት ልቀመጥ እችላለሁ? ቃል የምገባውን ዓመት አስቀድሜ ለእግዚአብሔርና ለንስሓ አባቴ ነግሬዋለሁን? ይህን መርምረህ በከተማ ብትቀር፥ ከከተማ ሆነህ የሚደርስልህን የገጠር ባልንጀራ ፈልግ፤ በሌሊት ሲደውል ስልክህን አንሣለት። ይህን መርምረህ ወደ ገጠር ብትሄድ፥ እንደ ቅጣት አድርገህ አትሂድ፤ የተቀጣ ሰው የሚታከመውን ሰው ፊት አያይምና። ልዩ ሙያ መማር ብትፈልግም ፍላጎትህ መልካም ነው፤ ተምረህ ስትመለስ የሚጠብቁህን ሰዎች ግን አስቀድመህ በስማቸው ዕወቃቸው።

እናንተም እንደ እኔ ከገጠር ወደ ከተማ የመጣችሁ ካህናት ወንድሞቼ ሆይ፥ በአንድ የከተማ ደብር ብዙ ካህናት ተራ ስንጠብቅ፥ በገጠር ለአምስት ልዑካን የሚጎድል አንድ ሰው በማጣት መንበሩ ይዘጋል። ሐኪሙን ወደማንደርስበት ስፍራ ከላክነው ቃላችን ባዶ ነው። ነፍስን የሚፈውሰው ሳይሄድ፥ ሥጋን የሚፈውሰው እንዲሄድ በምን አፋችን እንጠይቃለን?

ያ ወጣት ሐኪም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሶ መጣ። እኔም አስቀድሜ ስለ ቸኰልሁበት ምክር ይቅርታ ጠየቅሁት፤ «አባታችን፥ እንዲህ አይበሉ» ብሎ ጉልበቴን ሊስም ጐንበስ አለ። በደጋው ሆስፒታል ለሁለት ዓመት ሊያገለግል መወሰኑን፥ በሐዋሳ ያስተማረው አንድ ታላቅ ሐኪምም በማንኛውም ሰዓት እንዲደውልለት ቃል እንደ ሰጠው ነገረኝ። ከሁለቱ ዓመት በኋላ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም፥ እርሱም አያውቅም፤ ለእናቱ የሚልከውም ገንዘብ ካሰበው ያነሰ ነው። እኔም ከአንድ ቄስና ከሁለት ዲያቆናት ጋር ተማክረን፥ የደብራችን አለቃም ፈቅደውልን፥ በየወሩ በአንድ ሰንበት ወደ ቀድሞዪቱ ቤተ ክርስቲያኔ ሄደን እንድንቀድስ ተስማማን። በመጀመሪያው ሰንበት አረጋዊው ቄስ መጋረጃውን ይዘው ሲያለቅሱ አየኋቸው። በወር አንድ ሰንበት ትንሽ ነገር ነው፤ የቀሩት ሰንበታት ዕዳዬ ናቸው።

ዐይናችንን ስናነሣ ሣሩን ብቻ ሳይሆን ሰዉን የምናይበትን ልቡና፥ የላክነውንም ሰው ብቻውን የማንተውበትን ፍቅር እግዚአብሔር ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።